እንሽጠው ወይስ እንስጠው? ከቤት ስለሚወጣ ዕቃና ስለ የቲሞች ሐቅ

(ለማኅበሩ ደጋፊዎችና ለየቲም ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)

 



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ረመዳን ሲቃረብ፣ ዒድ ሲደርስ፣ ቤት ሲቀየር ወይም ልጅ ሲዳር በየቤታችን ጽዳት ይደረጋል። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከጓዳ ጥግ የተረሳ ዕቃ ሁሉ ይወጣል። ሁለተኛ ብርድ ልብስ፣ ያደጉ ልጆች ልብስ፣ አዲስ ከተገዛ ወዲህ ያልተነካ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ይገኛል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «ቆራሌው ሲያልፍ እንሽጠው» ይላል። ሌላው «ለየቲም እንስጠውና አጅር እናግኝበት» ይላል። አንዳንዴም ክርክሩ ይረዝምና ዕቃው ወደ ነበረበት ጥግ ተመልሶ ሌላ ዓመት ይከርማል።

ለዚህ ክርክር መፍትሔ የሚገኘው የሚገባበትን ቤት በማየት ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምናየው የሚወጣበትን ቤት ብቻ ነው። ዕቃው ቦታ ስለ ያዘብን፣ ስላረጀብን ወይም ስለ ሰለቸን «ይሂድ» እንላለን። የቲሙ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግን አንጠይቅም። ይህን ከጠየቅን ዕቃውን ራሱን መስጠት የሚሻልበት ጊዜ እንዳለ፣ ሸጦ ዋጋውን መስጠት የሚሻልበትም ጊዜ እንዳለ፣ ሁለቱም የማይገባበት ጊዜም እንዳለ እንረዳለን። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ ስላለ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ዕቃው የማን ነው?

ሰው ሊሸጥም ሊሰጥም የሚችለው የራሱን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖር ግን ይረሳል። ሚስት ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣችው፣ በመህሯ የገዛችው ወይም በራሷ ድካም ያፈራችው ዕቃ የእርሷ ንብረት ነው። ባል ለሶደቃም ቢሆን ያለ ፈቃዷ ከቤት ሊያወጣው አይገባም። ሚስትም የባሏን ንብረት እንዲሁ። ተማክሮ የተሰጠ ጥቂት ነገር፣ ተሰርቆ ከተሰጠ ብዙ ነገር ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው አባት የሞተበት ቤት ነው። በየአካባቢያችን የምናየው ልማድ አለ። አባወራው ወደ አኺራ በሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘመድ ይሰበሰብና የሟቹ ኮት፣ ጫማ፣ ሰዓትና ሬዲዮ «ለእርሱ ሶደቃ ይሁንለት» እየተባለ ይታደላል። ኒያው ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ነፍሱ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ያ ኮት የእርሱ መሆኑ ቀርቷል። የቀብር ወጪው ከተሸፈነ፣ ዕዳው ከተከፈለና ከንብረቱ ሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው ሁሉ የወራሾች ነው። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 11 እና 12 በተደነገገው መሠረት፣ ልጆች ትቶ የሞተ ሰው ሚስቱ አንድ ስምንተኛውን ትወስዳለች። እናቱና አባቱ በሕይወት ካሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። ወንዶችና ሴቶች ልጆች ካሉትም የቀረውን፣ ወንዱ የሴቷን እጥፍ እየወሰደ ይካፈሉታል።

እንግዲህ አስተውሉ። የአምስት ዓመቷ ሕፃን በዚያ ኮት፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሬዲዮ ውስጥ ድርሻ አላት። ለአካለ መጠን ስላልደረሰችም ድርሻዋን ለሌላ ለመስጠት የምትሰጠው ፈቃድ አይጸናም። እናቷም ሆነች አጎቷ በእርሷ ስም ሶደቃ ማድረግ አይችሉም። ከአንዱ የቲም ቤት አውጥተን ለሌላው የቲም ብንሰጥ ምን ዓይነት ሶደቃ ይባላል? አላህ (ሱ.ወ.) በዚሁ ሱራ አንቀጽ 10 ላይ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው የሚከቱት እሳት መሆኑን አስጠንቅቋል። ሳያውቅ የሚያድለው ዘመድ እንደ በላተኛው ባይቆጠርም የሕፃኗ ሐቅ መጉደሉ ግን አይቀርም።

ከዚሁ ሱራ አንቀጽ 2 ደግሞ መጥፎውን በመልካሙ መለወጥን ይከለክላል። የተፍሲር ሊቃውንት ከሱዲ ያስተላለፉት ማብራሪያ አለ። በጃሂሊያ ዘመን አንዳንዱ ሞግዚት ከየቲሙ መንጋ የሰባውን በግ ወስዶ በምትኩ ከሲታውን ያስገባና «በግ በበግ» ይል ነበር። ዛሬም በግ የሌለበት ቤት ውስጥ ይህ ሊፈጸም ይችላል። አጎት የሟቹን ደህና ፍራሽ ወስዶ የራሱን የጎበጠ ፍራሽ ቢያመጣ «ፍራሽ በፍራሽ» ማለቱ ነው። አዲሱን ቴሌቪዥን አንሥቶ አሮጌውን ቢተካም ነገሩ ያው ነው። ያው በግ መልኩን ለውጦ መጣ እንጂ ሌላ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ዕቃው ሳይነካ ሁለት የታመኑ ሰዎች ባሉበት በዝርዝር ይጻፍ። አዋቂ ወራሾች ከየራሳቸው ድርሻ ለአባታቸው ሶደቃ ማድረግ ከፈለጉ ይችላሉ፤ ይህ የተወደደ ተግባር ነው። ለልጆቹ የሚሆነው ልብስና መጽሐፍ ይቀመጥላቸው። ሲቀመጥ የሚበላሸውን ወይም ዋጋው የሚወርደውን ደግሞ ሞግዚቱ በገበያ ዋጋ ሽጦ ገንዘቡን በልጆቹ ስም ይያዝ፤ የሸጠበትንም ይመዝግብ። አንቀጽ 6 የቲሞች ለአቅመ አዳም ደርሰው ብስለታቸው ሲታይ ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ያልተጻፈ ንብረት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ በምን ይመሰከራል? በወራሾች መካከል አለመግባባት ከተነሣም በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ባለጉዳዮቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ የውርስና የሞግዚትነት ጉዳዮችን ይዳኛሉ። ነገር ከመበላሸቱ በፊት ወደዚያ መሄድ ነውር የለውም።

መሸጥ ከሶደቃ አያወጣም

ዕቃው በእርግጥ የራሳችን መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። ብዙ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃ መሸጥን እንደ ስስት ይቆጥረዋል። «አላህ ሰጥቶኝ ሳለ አሮጌ ዕቃ እሸጣለሁ?» ይላል። ይህ ስሜት የመጣው ከመልካም ልብ ቢሆንም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት፣ አንዳንድ ዑለሞች በሰነዱ ላይ ቢናገሩም በሰፊው በሚታወቅ ሐዲስ ውስጥ የአንድ አንሷሪ ታሪክ ይገኛል። ሰውየው ለልመና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እርሳቸውም በቤቱ አንዳች ነገር እንዳለ ጠየቁት። ከፊሉን የሚለብሱት ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ሻካራ ጨርቅና ውኃ የሚጠጡበት አንድ ዋንጫ ብቻ ነበረው። እንዲያመጣቸው አዘዙት። ዕቃዎቹን በእጃቸው ይዘው በባልደረቦቻቸው መካከል ለጨረታ አቀረቡ። አንዱ በአንድ ድርሃም እገዛለሁ ሲል እርሳቸው የሚጨምር እንዳለ ደጋግመው ጠየቁ፤ ሌላው በሁለት ድርሃም ገዛ። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ ነገሩት። መጥረቢያውን ሲያመጣ እጀታውን በራሳቸው እጅ አስገቡለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀናትም እንዳያዩት አዘዙት። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ አሥር ድርሃም አፍርቶ፣ ልብስና ምግብም ገዝቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የቤት ዕቃ አውጥቶ መሸጥ ነውር ቢሆን ኖሮ በዚያ መጅሊስ ባልተደረገ ነበር። ሁለተኛው፣ የዕቃው ዋጋ የታየው ባስገኘው ነገር ነው። አንድ ጨርቅና አንድ ዋንጫ ወደ መጥረቢያ ሲለወጡ የአንድ ቤት ኑሮ ተለወጠ። እኛም ዕቃችንን ስንመለከት «ይህ ዕቃ እንዳለ ቢሰጥ ይጠቅማል ወይስ ተሽጦ ወደ ሌላ ነገር ቢለወጥ?» ብለን እንጠይቅ። በሁለቱም መንገድ ኒያው ለአላህ እስከ ሆነ ድረስ ሶደቃነቱ አይቀርም።

የተበላሸው ቴምር

በሌላ በኩል ደግሞ የማይሸጥ ሁሉ ለየቲም ይሰጣል የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው።

አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት የመዲና አንሷሮች ቴምር ሲደርስ ዘለላውን አምጥተው በመስጂዱ ምሰሶዎች መካከል ይሰቅሉት ነበር፤ ችግረኛ ሙሃጂሮችም ሲርባቸው ከዚያ ይበሉ ነበር። አንዳንዱ ሰው ግን በብዙ ዘለላ መካከል አይታወቅም ብሎ የደረቀውንና የተበላሸውን ያመጣ ነበር። የሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 የወረደው ያን ጊዜ ነው። መልእክቱም፣ ለእናንተ ቢሰጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካልሆነ በቀር የማትቀበሉትን መጥፎ ነገር ለመስጠት አታስቡ የሚል ነው።

ይህ አንቀጽ ዛሬ በማኅበራት መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚናገር ይመስለኛል። ጆንያ ሲፈታ ዚፑ የተሰበረ ጃኬት፣ አንድ እግር ብቻ ያለው ጫማ፣ ክዳኑ የጠፋ ማሰሮ፣ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ ይወጣል። ይህን የሚለዩት በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ እህቶች ናቸው፤ ሙሉ ቀን ይፈጅባቸዋል። ከዚያም ጆንያው ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ ይጓዛል፤ ለጋሪውም ማኅበሩ ይከፍላል። የቤታችንን ጥራጊ በየቲም ስም ካሳለፍን የጽዳታችንን ወጪ የቲሙ ከፈለልን ማለት ነው።

በአንጻሩ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 92 መልካም ሥራን የሚያገኘው ከሚወደው የሰጠ ሰው መሆኑ ሲነገር፣ አቡ ጠልሓ (ረ.ዐ.) በንብረታቸው ሁሉ ውስጥ በጣም የሚወዱትን፣ ከመስጂዱ ፊት ለፊት የነበረውን በይሩሓ የተባለ የአትክልት ቦታ ለአላህ ብለው ሰጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያደርጉት መከሯቸው። ሁላችንም አቡ ጠልሓ አንሆንም። ነገር ግን ከምናወጣው አሥር ዕቃ መካከል ቢያንስ አንዱ ስንለየው ልባችን የሚሳሳለት ይሁን። ከዚሁ ታሪክም ሌላ ቁም ነገር እንያዝ። በራሳችን ዘር ውስጥ የቲም ካለ መጀመሪያ በሩን የምናንኳኳው የእርሱን ነው፤ ለዘመድ የሚሰጥ ሶደቃ ሶደቃም ዝምድናን መቀጠልም ነውና።

በሦስት ጥያቄ መለየት

እንግዲህ እያንዳንዱን ዕቃ በእጃችን ይዘን ሦስት ነገር እንጠይቅ። የመጀመሪያው «በእነርሱ ቦታ ብሆን ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሠራል?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ሸጬ ዋጋውን ብሰጥ ከዕቃው ይልቅ ይጠቅማቸዋል?» የሚል ነው። በምሳሌ እናብራራው።

ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ አንሶላ፣ ደህና ፍራሽ፣ ድስት፣ ሰሐንና ባልዲ በማንኛውም ቤት ያገለግላሉ። ሲሸጡ የሚያወጡት ግን ትንሽ ነው። እነዚህን አጥቦ፣ አድርቆና አጥፎ ዕቃውን ራሱን መስጠት ይሻላል። የአንድ ብርድ ልብስ ዋጋ ለሻጩ ከሁለት ቀን ወጪ አያልፍም፤ በክረምት ለሚበርዳቸው ሦስት ልጆች ግን የሌሊት እንቅልፍ ነው።

የልብስ ስፌት መኪና ሲሸጥ ደህና ገንዘብ ያወጣል። ሆኖም መስፋት የምታውቅ ወይም ለመማር የተዘጋጀች የየቲም እናት ካለች እንደ አንሷሪው መጥረቢያ ነው፤ እንዳለ ይሰጣት። ከመስጠታችን በፊት በባለሙያ ማስጠገንና ዘይት ማስነካት የእኛ ድርሻ ነው።

ትልቅ ቡፌ፣ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ወይም ሙሉ ሶፋ ግን ይለያል። ብዙዎቹ የምናውቃቸው ቤተሰቦች በአንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ቡፌው ቢገባ ልጆቹ የሚተኙበትን ቦታ ይይዛል፤ ኪራይ ቤት ከሆነም ሲለቁ ማጓጓዣው ዕዳ ይሆንባቸዋል። ይህ ይሸጥ፤ ገንዘቡም ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቁሳቁስ ይዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በጥያቄ የሚወሰን ነው። ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ በጋራ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ዘንድ አከራዩ ላይፈቅድ ይችላል። የራሷ ቆጣሪ ላላትና እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እናት ግን መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ ሳንጠይቅ አንውሰድ። «እኅቴ፣ ይህ ዕቃ ይጠቅምሻል ወይስ ዋጋው ይሻልሻል?» ብሎ መጠየቅ ማክበር ነው። ከእኛ ይልቅ ቤቷን የምታውቀው እርሷ ናት።

የተማሪ ልብስም እንዲሁ ነው። የደንብ ልብስ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። የአንዱ ትምህርት ቤት ሹራብ ለሌላው አይሆንም። ሥርዓተ ትምህርት በተቀየረ ቁጥርም የቀድሞው መማሪያ መጽሐፍ ለክፍል አያገለግልም። መዝገበ ቃላት፣ ታሪክ፣ ኪታብና ሙስሐፍ ግን ንጹሕ ሆነው ከተያዙ ዘመን አይሽራቸውም።

የማይሠራ ማቀዝቀዣ፣ የተቃጠለ ቴፕ፣ የዛገ ብረት አልጋ ደግሞ ለየቲም ቤት ሸክም ነው። ለእነዚህ ቆራሌው አለ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኙ የእጅ ባለሙያዎች ቁርጥራጭ ብረትን ወደ ምድጃ፣ አሮጌ ጎማን ወደ ጫማ ሲለውጡ ኖረዋል። ይህም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እንግዲህ ቁርጥራጩን ለሚያውቅበት ሸጠን ሳንቲሙን ለየቲም ብናደርግ ማንም አይጎዳም።

ስንሸጥ

ለሶደቃ ብሎ መሸጥ ከንግድ ሥነ ምግባር ነጻ አያደርግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከላይ ደረቅ ሆኖ ከውስጥ የረጠበ እህል አግኝተው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋል። ማቀዝቀዣው አንዳንዴ የሚጠፋ ከሆነ፣ የወንበሩ እግር ተበጥሶ የተጣበቀ ከሆነ ለገዢው ይነገረው። ነውሩን ደብቀን ያገኘነውን ገንዘብ ለየቲም ብናበላው ሐራምን በሶደቃ ልናጥብ መሞከራችን ነው።

ሁለተኛው፣ በርካሽ አንጣለው። ልዋጭ ይዞ በየመንደሩ ለሚዞረው የሦስት ልጆች ሹራብ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ስንለውጥ ቸኩለናል ማለት ነው። በውዴታ የተደረገ ልውውጥ ሐላል ነው፤ ያ ሹራብ ግን ለየቲሙ ከሳፋው ይበልጣል። ለሁለት ለሦስት ገዢ ማሳየት፣ ከጎረቤት ጋር ሰብስቦ በአንድ ላይ መሸጥ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፣ ገንዘቡ በእጃችን እንደ ገባ ይለይ። ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለ «በኋላ እተካዋለሁ» እየተባለ ይረሳል። በፖስታ አድርጎ «የየቲም» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አስቀድሞ «ይህን ዕቃ ራሱን ለአላህ እሰጣለሁ» ብሎ ስለት የገባ ሰው ግን ከመሸጡ በፊት ዑለማ ይጠይቅ፤ ስለት እንደ ሐሳብ አይደለም። በተመሳሳይም ዘካ ያለበት ሰው አሮጌ ዕቃውን ገምቶ ከዘካው ለመቀነስ ቢያስብ አስቀድሞ ይጠይቅ። ዘካ የራሱ መጠንና ሥርዓት ያለው ግዴታ እንጂ ከጓዳ በተረፈ ነገር የሚሸፈን አይደለም።

አራተኛው ማኅበራችንን ይመለከታል። ዕቃ የምታመጡ ሰዎች «እንዳለ ለቤተሰብ ይሰጥ» ወይም «ማኅበሩ ሸጦ ዋጋውን ያውለው» የሚለውን በግልጽ ንገሩ፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። ባለቤቱ ለመስጠት ያሰበውን መሸጥ የአማና ጥያቄ ያስነሣል። ለመሸጥ የተረከብነውንም ማናችንም አገልጋዮች በመጋዘን ውስጥ በራሳችን ግምት ለራሳችን አንግዛ። የሚሸጠው በግልጽ፣ ሰው ባለበት ይሸጥ።

አምስተኛው፣ የሰጠነውን መልሰን አንመኝ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በአላህ መንገድ የሰጡትን ፈረስ ተቀባዩ በሚገባ ሳይዘው ቀረ። በርካሽ ይሸጥልኛል ብለው አስበው ሊገዙት ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ድርሃም እንኳ ቢሰጣቸው እንዳይገዙትና ወደ ሶደቃቸው እንዳይመለሱ ከለከሏቸው። ስለዚህ የሰጠነው የስፌት መኪና ተሸጦ ብናይ «ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ!» አንበል። ምናልባት ልጅ ታሞባት ይሆናል። ከእጃችን የወጣው ለአላህ ወጥቷል።

የልጁ ዓይን

በመጨረሻ ስለ ልጁ ልናገር። በመድረሳና በትምህርት ቤት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። አንድ የቲም ልጅ ደህና ጃኬት ለብሶ ይመጣል፤ ፊቱ ፈክቷል። በእረፍት ሰዓት አንዱ ጓደኛው ይመለከተውና «ይህ እኮ የእኔ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ የቀለም ነጠብጣብ አለው» ይለዋል። ያም ልጅ በማግስቱ ብርድ ቢሆንም ጃኬቱን ለብሶ አይመጣም። የሰጠችው እናት ይህን አታውቅም፤ መልካም ሠርታለች። ልጇን ግን አላስተማረችውም።

በሱረቱል በቀራ ከአንቀጽ 262 ጀምሮ መመጻደቅና ማስከፋት ሶደቃን እንደሚያበላሽ ተነግሯል። ማስከፋት በአዋቂ አንደበት ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ልጆቻችን ልብሳቸውን ሲሰጡ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የእርሱ ነው፤ የአንተ የነበረ መሆኑን አላህ ካወቀ ይበቃል» እንበላቸው። የሚቻል ከሆነም ልብሱ በአንድ ክፍል ለሚማር ልጅ እንዳይደርስ ለማኅበሩ እንንገር። ሲሰጥም ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ሥፍራ አይሁን። ተረካቢዋ እናት በፌስታል ይዛ እንደ ገበያተኛ ወደ ቤቷ ትግባ።

የምንናገርለት ልጅ የማን ባልንጀራ እንደሆነ አንርሳ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸውን ሳያዩ ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን አጡ። የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለቱ ጣቶቻቸው ተቀራርቦ እንደሚሆን በጣታቸው አመልክተው ነግረውናል። ወደዚህ ቅርበት የምንሄደው በተበላሸ ቴምር ነውን?

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ በሚቀጥለው ጽዳት የምታወጡትን ዕቃ በሦስት ክምር ለዩት። አንዱ እንዳለ የሚሰጥ ይሁን፤ ታጥቦና ተጠግኖ። ሁለተኛው የሚሸጥ ይሁን፤ ዋጋውም ለብቻው ይቀመጥ። ሦስተኛው ቁርጥራጭ ይሁን፤ እርሱም ወደሚገባው ይሂድ እንጂ የሶደቃ ስም አይሰጠው። የሟች ቤተሰብ ንብረት ካለ ግን ከሦስቱም ክምር ውጭ አድርጉትና መጀመሪያ ብዕርና ወረቀት አምጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከምንወደው የምንሰጥ ያድርገን። የየቲሞችን ሐቅ ከመንካት ይጠብቀን። የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ የቀረላችሁንም በረካ ያድርግላችሁ። አሚን።